የኮከብ መጋረጃ በኮሪደር ውስጥ፦ የሥራ ማስታወሻ ከጎንደር

ጥቅምት፦ መነሻ ስሌት

ልንሠራ የተነሣነው የኮከብ መጋረጃ ነው። እውነተኛው፣ ስታርሼድ የሚባለው፣ ከቴሌስኮፕ ፊት ለፊት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የሚበር ራሱን የቻለ መንኮራኩር ነው። የኮከቡን ብርሃን አግዶ በአጠገቡ የምትዞረውን ፕላኔት ብርሃን ያሳልፋል። የእኛው ግን በአንድ ትምህርት ቤት ኮሪደር፣ በ40 ሜትር ርዝመት ውስጥ መሥራት አለበት። አብረውኝ የሚሠሩት የፊዚክስ ክበብ ተማሪዎች ናቸው። በጀታችን 9,000 ብር ሲሆን ግማሹ የክበቡ መዋጮ ነው። ካሜራው በውሰት የተገኘ ነው።

የችግሩን ክብደት ሁለት ቁጥሮች ያሳያሉ። በሚታየው ብርሃን ፀሐይ ከምድር 10 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ትደምቃለች። ከ33 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ሆኖ ለሚመለከት ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ዲግሪ 36,000ኛ እጅ ብቻ ነው። ብርሃኑን ቴሌስኮፑ ውስጥ ከገባ በኋላ ለመለየት ከመድከም ሳይገባ በፊት ማገድ ይሻላል የሚለውን ሐሳብ አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሊማን ስፒትዘር እ.ኤ.አ. በ1962 አቀረበ። በአበባ ቅጠል ቅርጽ የተሠራውን መጋረጃ በስሌት አስደግፎ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ዌብስተር ካሽ ነው።

መጋረጃውን ለማሳነስ ርዝመቶችን ሁሉ በእኩል መቀነስ አይሠራም፤ የብርሃን ሞገድ አብሮ አያንስምና። ሳይለወጥ መቆየት ያለበት የፍሬኔል ቁጥር ነው። ይህም የመጋረጃው ራዲየስ በራሱ ተባዝቶ፣ ለሞገድ ርዝመቱና ለርቀቱ ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሃቤክስ በተባለው የናሳ ጥናት የታሰበው መጋረጃ 52 ሜትር ስፋትና 76,600 ኪሎ ሜትር ርቀት ነበረው፤ ለ500 ናኖ ሜትር ብርሃን ቁጥሩ ወደ 18 ይጠጋል። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን መጋረጃ ወደ 80 ሜትር በሚጠጋ ቱቦ ውስጥ አድርገው የሞከሩት ሰዎች የተጠቀሙበት የፍሬኔል ቁጥር ወደ 14 ይደርሳል። እኛ 13 ይዘናል። መብራቱ ከመጋረጃው 20 ሜትር፣ ካሜራውም በሌላው ወገን 20 ሜትር ይርቃል። ብርሃኑ እየተበተነ ስለሚመጣ በስሌቱ ውስጥ የሚገባው ርቀት 10 ሜትር ነው። በ650 ናኖ ሜትር ቀይ ሌዘር ራዲየሱ 9.2 ሚሊ ሜትር ሆነ። 18 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አበባ መቁረጥ አለብን ማለት ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፦ «ኮከቡ»

ሌዘሩ ከቅዳሜ ገበያ በ350 ብር የተገዛ የእጅ ሌዘር ነው። ባትሪው ሲዳከም ድምቀቱ ስለሚወርድ ልኬት አያስተማምንም፤ ባትሪውን አውጥተን በስልክ ቻርጀር ላይ ቮልቴጅ የሚቀንስ ሰርኪት ጨምረን አገናኘነው። ከተበላሸ ዌብካም የወጣ ሌንስ ጨረሩን ይሰበስበዋል፤ ከሌንሱ ፊት በአሉሚኒየም ወረቀት ላይ በቀጭን መርፌ ጫፍ የተወጋ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ከ0.2 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ በማይክሮስኮፕ እያየን ብዙ ወረቀት ጣልን። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ብርሃኑ ከአንድ ነጥብ የመጣ መሆኑ ይቀርና ቀጥሎ የሚሠራው ሁሉ ይበላሻል።

ሌዘሩን በዓይን ማየት ክልክል ነው። ሁሉም ነገር በካሜራ ብቻ ይታያል። ይህ በኮሪደሩ በሁለቱም ጫፍ ተጽፎ ተለጥፏል።

መስኮቶቹን በጥቁር ላስቲክ ሸፈንናቸው (በሜትር 60 ብር)። ያላሰብነው ነገር አየሩ ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ሲለቅ በኮሪደሩ ውስጥ አየር ይንቀሳቀሳል፤ በካሜራው ላይ ነጥቡ ይዋልላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይረጋል። ስለዚህ ልኬት የሚወሰደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወላጆችም በዚሁ ሰዓት ተስማምተው ከልጆቻቸው ጋር ይመጣሉ። መብራት በጠፋባቸው ምሽቶች ከተማው ስለሚጨልም የተሻለ ምስል አገኘን፤ ሌዘሩን በፓወር ባንክ አሠራነው።

ኅዳር፦ ክብ ነገር ለምን አይበቃም

ተማሪዎቹ ሁሉ መጀመሪያ የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ ክብ ሰሌዳ ብናቆምስ? መልሱን በቃል ከመንገር ማሳየት ይሻላል። ከአዘዞ ጋራዦች ከአንዱ የከባድ መኪና ኩሽኔታ ኳስ ለመንን፤ ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኩሽኔታ ኳስ በእጃችን ሊገባ ከሚችል ነገር ሁሉ ክብነቱ የተስተካከለ ነው። በንጹሕ መስታወት ላይ በአንዲት ጠብታ ሙጫ አጣበቅነውና መሀል ላይ አቆምነው። ሌንስ የሌለውን የካሜራ ሰንሰር በጥላው መካከል ስናስቀምጥ በጨለማው ክብ እምብርት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ደማቅ ነጥብ ወጣች። ኳሱን ስናነሣም በዚያው የመጋለጫ ጊዜ (ካሜራው ብርሃን በሚቀበልበት ቆይታ) የዚያ ቦታ ድምቀት ከነጥቧ ጋር ተመሳሳይ ነበር። ክብ መጋረጃ በትክክል መሀሉ ላይ ምንም አይጋርድም ማለት ነው።

ነጥቧ የታወቀ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1818 ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሬኔል ብርሃን ሞገድ ነው የሚለውን ሥራውን ለፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ውድድር ሲያቀርብ፣ ከዳኞቹ አንዱ ፖዋሶን ስሌቱን ተከትሎ ሄደና «እንዲህ ከሆነ በክብ ነገር ጥላ መሀል ብርሃን መታየት አለበት» በማለት ሐሳቡን ሊያፈርስበት ሞከረ። ሌላው ዳኛ አራጎ ሙከራውን ሠራ፤ ብርሃኑ ታየ። ከክቡ ጠርዝ ሁሉ እስከ መሀሉ ያለው ርቀት እኩል ስለሆነ ሞገዶቹ እኩል ተጉዘው ይደርሱና ይደጋገፋሉ።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጥሩ ጥያቄ አነሣች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ቀለበት ሆኖ የታየው የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ጨረቃ ክብ ሆና ሳለ ለምን በጥላዋ መሀል ነጥብ አልወጣም? ሁለት ምክንያት አለ። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ሰፊ ናት። የጨረቃ ጠርዝም ለዚህ ሥራ ክብ አይባልም። በጨረቃ ርቀትና ስፋት ጠርዙ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ በታች መስተካከል ነበረበት፤ የጨረቃ ተራሮች ግን በኪሎ ሜትር ይለካሉ። ይህ ስሌት ሰሌዳው ላይ ለብዙ ቀን ሳይጠፋ ቆየ። የሥራችንን ዋና ነገር የሚናገር ስለሆነ እንዲጠፋ አልፈለግሁም፤ ውጤቱን የሚወስነው ጠርዙ ነው።

ታኅሣሥ፦ የቅጠሎቹ ቅርጽ

የካሽ ቅርጽ ቀላል ነው። መሀሉ ሙሉ ክብ ነው። ከዚያ ወደ ውጭ ስንሄድ ከዙሪያው ውስጥ በቅጠል የሚሸፈነው ድርሻ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ከመሀለኛው ክብ ጠርዝ ያለው ርቀት ለቅጠሉ መለኪያ ርዝመት ይካፈላል፤ ውጤቱ በስድስተኛ ኃይል ይነሣል፤ ያ በኔጌቲቭ ምልክት የኤክስፖኔንሻል ኃይል ይሆናል። የመሀለኛውን ክብ ራዲየስና የቅጠሉን መለኪያ ርዝመት እኩል፣ እያንዳንዳቸውን 4.6 ሚሊ ሜትር አደረግን፤ ቅጠሎቹ 12 ናቸው። በ9.2 ሚሊ ሜትር ላይ የሚሸፈነው 37 በመቶ ነው። ከዚያ ወዲያ ቅጠሉ ወደ ሹል ጫፍ ይሄዳል። መጋረጃው በአንድ መስመር ላይ ስለማያልቅ ከጠርዙ የሚነሡት ሞገዶች መሀል ላይ ይጠፋፋሉ። ቅርጹን በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጽፈን ለማተሚያ በሚሆን ፋይል አወጣነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ፒያሳ አካባቢ በሌዘር ፕሪንተር በፕላስቲክ ወረቀት ላይ የታተመ ነው (25 ብር)። ቶነሩ ወደ ብርሃን ሲያዙት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሞሉበት ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ ፕላስቲኩ ራሱ ብርሃን ይበትናል። ሁለት ወረቀት መደራረብ ቀዳዳዎቹን ቢደፍንም ጠርዞቹ በትክክል አልገጠሙም።

የልኬት አሠራራችን ይህ ነው። ካሜራው ላይ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለ፤ ከፊቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ካርቶን ተደፍቷል። ያ ቀዳዳ ቴሌስኮፓችን ነው፤ ከዚህ ቢሰፋ ከጥላው ውጭ ያለውን ብርሃን ይጠጣል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ ተቀምጦ አይነካም። መጋረጃ ሳይኖር በ1/4000 ሰከንድ የሚገኘው ድምቀት፣ መጋረጃው ሲቆም በስንት ሰከንድ ይገኛል? ለቶነሩ 1/100 ሰከንድ በቃ። 40 ጊዜ ብቻ ቀነሰ ማለት ነው።

ቀጥሎ አዲስ አበባ ካለ ማተሚያ ቤት በ2,400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 2,400 ነጥብ) የወጣ የኅትመት ፊልም አስመጣን። አንዱ ነጥብ 10.6 ማይክሮ ሜትር ነው። ከአውቶቡስ መላኪያ ጋር 1,400 ብር ፈጀ። ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ጠርዙም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደረጃ ደረጃ ቢሆንም የተስተካከለ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ወደ 1/15 ሰከንድ ወጣ። አቧራውን በአየር መንፊያ ካነሣንና ፊልሙን በፍሬም ወጥረን ካስተካከልነው በኋላ 1/4 ሰከንድ ደረሰ። 1,000 ጊዜ። በካሜራው ላይ መጋረጃው ጥቁር ሆኖ በቅጠሎቹ ጫፍና በመካከላቸው ባሉት ጠባብ ሸለቆዎች ብቻ ደብዛዛ ቀይ ጭላንጭል ይታያል። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዝም ብለው ስክሪኑን ያዩ ነበር።

ጥር፦ ናስ

ፊልም በሕዋ አይበርም። የብረት መጋረጃ መሞከር ፈለግን። ለዚህ ያለን ባለሙያ አራዳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ብር ሠሪ ናቸው። ሥዕሉን በአሥር እጥፍ አሳድጌ ወሰድኩላቸው።

«ጋሼ፣ ይህንን በ18 ሚሊ ሜትር ከስስ ናስ ማውጣት ይቻላል?»

መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። «መምህር፣ መቁረጡ አይደለም የሚያስቸግረው። ስስ ከሆነ መጋዙ ይጎትተዋል፤ ቅጠሉ ይታጠፋል። ስንት ውፍረት ነው?»

«0.1 ሚሊ ሜትር።»

«እንግዲያው ብቻውን አይቆረጥም።»

ዘዴያቸው ይህ ነበር። ስሱን ናስ በሁለት ወፍራም የናስ ሰሌዳዎች መካከል አጣብቀው ሦስቱን አንድ ላይ ይቆርጣሉ፤ ከዚያ አሙቀው ማጣበቂያውን ያቀልጡና የመሀሉን ብቻ ያወጣሉ። መጋዙ ከክር የማይወፍር ነው። ከዚያ በቀጭን ሞረድ ከጫፍ ወደ መሀል፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ወዲያና ወዲህ ከተሞረደ ጠርዙ ላይ ጢም የመሰለ ብረት ይቀራል። የእጅ ዋጋ 2,500 ብር ከናሱ ጋር። የመጀመሪያው ሁለት ቅጠል ላይ ስለታጠፈ ራሳቸው ጣሉትና ያለ ተጨማሪ ዋጋ ደገሙት።

የናሱ አበባ ሲታይ ከፊልሙ እጅግ ያምራል። ልኬቱ ግን 1/15 ሰከንድ ነው፤ 270 ጊዜ ያህል። በማይክሮስኮፕ ስንለካ ጠርዙ በአንዳንድ ቦታ እስከ 60 ማይክሮ ሜትር ይዛነፋል። የያዙት ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎችም የራሳቸውን ብርሃን ያመጣሉ።

ይህንን ለብር ሠሪው ስነግራቸው የእውነተኛው መጋረጃ ስንት እንደሚፈቀድለት ጠየቁኝ። በአሥር ሜትሮች ለሚለካ መጋረጃ የቅጠሎቹ ጠርዝ ስህተት ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ መብለጥ የለበትም። «ያንንማ እኔም እሠራዋለሁ» አሉ። ልክ ናቸው፤ በዚያ መጠን የእጅ ጥበብ ይደርሳል። 52 ሜትሩን ወደ 18 ሚሊ ሜትር ስናሳንስ ግን ያ አንድ አሥረኛ ወደ 35 ናኖ ሜትር ይወርዳል፤ ከቀይ ብርሃን ሞገድ 18ኛ እጅ ገደማ ነው። ፕሪንስተኖች ከሲሊከን ቀርጸው እስከ 10 ቢሊዮንኛ የደረሱት ለዚህ ነው። በትልቁ መጋረጃ ላይ ከባዱ ነገር ያንን ጠርዝ ሮኬት ውስጥ አጣጥፎ አስገብቶ፣ ሕዋ ላይ ሲዘረጋ እዚያው ልኩ ላይ መመለስ ነው።

የካቲት፦ «ፕላኔቷ»

ከኮከቡ ቀዳዳ 28 ሚሊ ሜትር ጎን ሌላ ቀዳዳ ወጋን። ከካሜራው ሲታይ ከቅጠሎቹ ጫፍ ትንሽ ወጣ ብሎ ይወድቃል። ብርሃኑን ለማደብዘዝ የብየዳ መነጽር መስታወት ተጠቀምን፤ የተለያየ ቁጥር ያላቸውን ከብረታ ብረት ሱቅ በ80 ብር ሂሳብ ገዛን። የእያንዳንዱን ድብዘዛ በዚያው በመጋለጫ ጊዜ ለካን።

ያለ መጋረጃ፣ ከኮከቡ 100 ጊዜ የደበዘዘችው ፕላኔት አትታይም፤ የሌንሱ ነጸብራቅ ይውጣታል። በፊልሙ መጋረጃ በግልጽ ወጣች። 3,000 ጊዜ የደበዘዘችውንም አየናት፤ ረጅም መጋለጫ አስፈልጎ ነበር። ከዚያ በታች ከቅጠል ጫፎች የሚመጣው ብርሃን ይሸፍናታል። በናሱ መጋረጃ ገደቡ 600 ገደማ ነው።

የካቲት መጨረሻ፦ ቦታ መጠበቅ

ካሜራውን ወደ ጎን ለማንቀሳቀስ የ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ያለበት ተንሸራታች ሠራን። አንድ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ መለኪያ መግዛት አላስፈለገም። ሁለት ዙር እስክንሄድ ጥላው ጨለማ ነው፤ ከሦስተኛው ጀምሮ በአንድ ወገን ያሉት ቅጠሎች መፍካት ይጀምራሉ።

በሕዋ ላይ መጋረጃውና ቴሌስኮፑ አሥር ሺዎች ኪሎ ሜትር ተራርቀው ወደ ጎን ከአንድ ሜትር በላይ መሳት የለባቸውም። እንዴት ያውቃሉ? መፍትሔው ያቺው የአራጎ ነጥብ ናት። መጋረጃው የተሠራበት የሞገድ ክልል የተወሰነ ነው፤ ከዚያ በሚረዝም ሞገድ ብርሃኑ ያመልጥና መሀሉ ላይ ነጥብ ይሠራል። ቴሌስኮፑ ፕላኔት የሚፈልገው በአንዱ ቀለም፣ ቦታውን የሚጠብቀው በሌላው ነው። እኛ ረጅም ሞገድ ስላልነበረን በዚያው ፊልም ላይ በ12 ሚሊ ሜትር የታተመውን ትንሹን መጋረጃ አቆምን። የፍሬኔል ቁጥሩ ከ6 በታች ይወርዳል፤ ውጤቱ ሞገዱን እንደማስረዘም ነው። ነጥቧ ደብዛዛ ሆና ብቅ አለች፤ ቡሎኑን ስናዞር ከእኛ ጋር ትሸሻለች። ሁለት ተማሪዎች የነጥቧን መሀል የሚፈልግ ፕሮግራም እየጻፉ ነው።

ሁለት መንኮራኩሮች ተያይተው በትክክል መብረር እንደሚችሉ የአውሮፓው ፕሮባ-3 አሳይቷል። ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከህንድ የተወነጨፈ ሲሆን 1.4 ሜትር ሰሌዳ የያዘው አንደኛው ከሌላው 150 ሜትር ያህል ቀድሞ እየበረረ ፀሐይን ይጋርድለታል። ያ የፀሐይን ዘውድ፣ ማለትም ውጫዊ ከባቢዋን፣ ለማየት ነው፤ ለሌሎች ከዋክብት የሚሆን መጋረጃ እስካሁን አልተወነጨፈም።

መጋቢት፦ አቦልን ማየት ይቻላል?

ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለአገሮች የስያሜ ዕድል ሲሰጥ፣ ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተብለው በኢትዮጵያ ተሰየሙ። ልጆቹ የሚፈልጉት የራሳቸውን ፕላኔት ነው፤ ትክክልም ናቸው።

ቡና ከእኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይርቃል። አቦል ከጁፒተር የሚከብድ ሲሆን ከኮከቡ በአማካይ የምድርና የፀሐይን ርቀት ሁለት እጥፍ ያህል ይርቃል። ከዚህ ሲታይ ክፍተቱ ወደ 0.035 አርክ ሰከንድ ነው (አንድ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ እጅ ነው)። የሃቤክስ መጋረጃ ግን ከ0.07 በታች ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። አቦል ከኮከቡ ጋር አብሮ ይጋረዳል።

መጋረጃውን ማራቅ ብቻ አይረዳም፤ የፍሬኔል ቁጥሩ ይወርድና ብርሃኑ መሀል ላይ ይመለሳል። ቁጥሩን ጠብቆ የሚጋረደውን ማዕዘን በግማሽ ለመቀነስ ስፋቱ 2 እጥፍ፣ ርቀቱ 4 እጥፍ መሆን አለበት። 104 ሜትር ስፋት፣ 306,400 ኪሎ ሜትር ርቀት። ጨረቃ 384,400 ላይ ናት። ያኔም አቦል በአማካይ ቦታው ልክ በቅጠሎቹ ጫፍ ላይ ነው የሚውለው፤ ምህዋሩ የተራዘመ ስለሆነ ከኮከቡ በሚርቅበት ጊዜ ግን ይወጣል። ስሌቱን ያወጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ እኔ የፈተሽኩት ብቻ ነው።

መጋቢት አጋማሽ፦ የጠርዝ ነጸብራቅ

በእውነተኛው መጋረጃ ላይ ፀሐይ ከጎን ታበራለች፤ ጠርዙ ያንን ወደ ቴሌስኮፑ ከመለሰ ፕላኔቷን ይሸፍናል። የናሱን መጋረጃ በጎን በስልክ መብራት አበራንበት፤ ጠርዙ እንደ ሽቦ ፈካ። በሻማ ጥላሸት ማጥቆሩ ነጸብራቁን ቀነሰ፤ ግን ጠርዙን አወፍሮ የኮከቡን ልኬት ወደ 1/25 ሰከንድ መለሰው፤ በአልኮል አጠብነው። ከዚያ የጢም ምላጭ ስለት በዚያው መብራት ፊት አቆምን። ያለ ቀለም ከናሱ በጣም ይጨልማል፤ ሹል ስለሆነ ብርሃን የሚመልስ ገጽ የለውም ለማለት ይቻላል። የናሳ ባለሙያዎችም ጠርዙን ከአሞርፈስ (ክሪስታል ከሌለው) ብረት ቅይጥ በኬሚካል እጅግ ሹል አድርገው የሚሞክሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ብር ሠሪው የሚቀጥለውን ናስ ከአንድ ወገን ብቻ አስለው ስለት ሊያወጡለት ተስማምተዋል። ከአዲስ አበባ ደግሞ በ16 ቅጠል የተሠራ ሁለተኛ ፊልም ታዝዟል። እስካሁን 7,150 ብር ወጥቷል፤ የቀረው ለእነዚህ ሁለቱ ነው። ክረምቱ ሲገባ ኮሪደሩ ስለሚረጥብ ልኬቱ ከግንቦት በፊት ማለቅ አለበት።